ማኅተም የሌለው ድረ ገጽ

በሥራ ቀን ማለዳ በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሚከንፉት መኪኖች መካከል የስብሰባ ተካፋይ የጫኑት ጥቂት አይደሉም። መንገዱ በ2007 ዓ.ም. መባቻ ከተከፈተ ወዲህ አዳማ ለመዲናዋ ይበልጥ ቀርባለች፤ ሥልጠናው፣ ዐውደ ጥናቱ፣ የግማሽ ዓመት ግምገማው ወደ ሆቴሎቿ ይጎርፋል። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ የመሥሪያ ቤቷ የስብሰባ አስተባባሪ ናት እንበል። ለሚቀጥለው ወር ሌላ አዳራሽ መያዝ አለባት። ስልኳን አውጥታ የአንድ ሆቴል ድረ ገጽ ትከፍታለች። ሰማያዊ የመዋኛ ገንዳ፣ ነጭ አልጋ ልብስ፣ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ይቀበላታል። እሷ ግን የምትፈልገው አንድ ስልክ ቁጥርና ሆቴሉ ከከተማው በየትኛው ጫፍ እንደሚገኝ ነው። በአውራ ጣቷ ገጹን ወደ ታች እየገፋች መጨረሻው ላይ ትደርሳለች።

እዚያ የሚጠብቃት በጥቁር መደብ ላይ የሰፈረ ግራጫ ጽሑፍ ነው። አራት ክብ ምልክቶች ተደርድረዋል፤ የፌስቡኩን ስትነካ ወደ ሆቴሉ ገጽ ሳይሆን ወደ ፌስቡክ የራሱ መግቢያ ይወስዳታል፤ የትዊተሩ የትም አያደርስም። «አድራሻ» ከሚለው ሥር ከገጹ ዝግጁ ንድፍ (ቴምፕሌት) ጋር አብሮ የመጣ የኒው ዮርክ ጎዳና ስም እንዳለ ቀርቷል። ስልክ ቁጥሩ ፎቶ ላይ የታተመ ስለሆነ ብትነካው አይደውልም። ከሁሉም በታች የቅጂ መብት ምልክት፣ «2017» የሚል ቁጥርና የገጹ ሠሪ ስም አለ። ይህ ከብዙ ቦታ ተለቃቅሞ የተሳለ ምስል እንጂ የአንድ የታወቀ ሆቴል ገጽ አይደለም። እያንዳንዱ ጉድለት ለብቻው ግን ድረ ገጽ ለሚጎበኝ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይሆንበትም።

የሙያው ሰዎች ይህን የታችኛ ክፍል «ፉተር» ይሉታል፤ እኛ ግርጌ እንበለው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው በመጨረሻው ቀን ነው፤ ባለቤቱ የፊት ገጹን ፎቶ ሲያስቀያይር ከርሞ ለግርጌው ጊዜ አይተርፈውም። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ያለበት ይመስለኛል። በአገራችን ደብዳቤ የሚታመነው በወረቀቱ ውበት አይደለም። ማኅተሙ፣ የወጪ ቁጥሩና ቀኑ፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት፣ ከወረቀቱ ሥር የታተመው ስልክና የፖስታ ሣጥን ቁጥር ናቸው «ይህን የጻፈው እገሌ ነው፤ ብትፈልጉት እዚህ ታገኙታላችሁ» የሚሉት። የድረ ገጽ ግርጌም ሥራው ይኸው ነው። ጥሩ ግርጌ ማለት ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደሚገኝ፣ በምን እንደሚጠየቅ ጎብኚውን ሳያለፋ የሚናገር ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ተጨማሪ ነው፤ ተጨማሪው ዋናውን ከሸፈነ ደግሞ ጉዳት ነው። ይህ በየትም አገር እውነት ቢሆንም በአዳማ፣ በቢሾፍቱ፣ በባቱና በሻሸመኔ ይበልጥ ይበረታል። በእነዚህ ከተሞች የቤት ቁጥር ብሎ እንግዳ መምራት አይቻልም፤ ሰዓቱም፣ ዘመኑም፣ ፊደሉም፣ የከተማው ስም ራሱም ሁለት ሁለት ነው።

ታች የሚወርደው ማን ነው?

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከራሳቸው ከባለሙያዎቹ ይመጣል፤ «እዚያ ድረስ የሚወርድ ሰው የለም፤ ለምን እንደክማለን?» የሚል ነው። ማስረጃም አላቸው። ኒልሰን ኖርማን ግሩፕ የተባለው የአሜሪካ የአጠቃቀም አጥኚ ተቋም የተጠቃሚዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ሰዎች ገጽ ሲያዩ ከሚያጠፉት ጊዜ 57 በመቶው ገጹ ሲከፈት በሚታየው የመጀመሪያ ክፍል ላይ ይውላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት የስክሪን ከፍታዎች ላይ የሚውለው ሲደመር 74 በመቶ ይደርሳል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ የሚለካው ግን ጊዜን እንጂ ጉዳይን አይደለም። የሆቴሉን ፎቶ የሚያዩ መቶ ሰዎች ቢኖሩ ዘጠናዎቹ አይተው ይሄዱ ይሆናል፤ ታች የሚደርሰው ጥቂት ሰው ግን ወይ አንብቦ ጨርሶ «እሺ፣ አሁንስ?» የሚል ነው፣ ወይ የፈለገውን ላይኛው ሜኑ ውስጥ አጥቶ የመጨረሻ ዕድሉን የሚሞክር ነው። ሁለቱም ለመደወል፣ ለመምጣት፣ ለመክፈል የተቃረቡ ናቸው። ገበያ ላይ ያለ ነጋዴ መንገደኛውን ሁሉ ቢጠራም ዋጋ የሚጠይቀውን ግን ትቶ አይዞርም።

ከጊዜ ቆጠራው ይልቅ ለጉዳያችን የሚቀርበው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድረ ገጽ ታማኝነት የተደረገው ምርምር ነው። ከ4,500 በላይ ሰዎች የተካፈሉበትና ሦስት ዓመት የወሰደው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2002 በ10 መመሪያዎች ተጠቃሎ ወጣ። ከእነዚህ መካከል ሁለቱ በቀጥታ ስለ ግርጌ የተጻፉ ያህል ናቸው፤ አንዱ «ከገጹ ጀርባ እውነተኛ ድርጅት መኖሩን አሳዩ» የሚል፣ ሌላው «እናንተን ማግኘት ቀላል ይሁን» የሚል ሐሳብ አለው። ሰው ገጹን የሚያምነው ጥያቄ ቢኖረው የሚያነጋግረው ሰው መኖሩን ሲያይ ነው። የድረ ገጽ ተደራሽነት ዓለም አቀፍ መለኪያም እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው 2.2ኛ እትሙ ይህንኑ ወደ ግዴታ አቅርቦታል፤ ስልክ፣ ኢሜይል ወይም ሌላ የእርዳታ መንገድ በተለያዩ ገጾች ላይ ከተሰጠ በየገጹ በዚያው ቅደም ተከተል መቀመጥ አለበት ይላል። በየገጹ ሳይለዋወጥ የሚደገም ቦታ ደግሞ ከላይኛው ሜኑ ሌላ ግርጌ ነው።

በኮዱም ደረጃ ግርጌ የራሱ መለያ ተሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 የጸደቀው የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ ኤችቲኤምኤል 5 ለግርጌ ልዩ ምልክት አለው። ሠሪው በዚህ ምልክት ከተጠቀመ ማየት ለተሳነው ሰው ገጹን ድምፅ አውጥቶ የሚያነበው ፕሮግራም «ስለ ገጹ መረጃ እዚህ ነው» ብሎ ይጠቁማል፤ ተጠቃሚውም የመዋኛ ገንዳውን መግለጫ ሁሉ ሳይሰማ በአንድ ቁልፍ ወደ ታች ይዘላል። ለዚህ ተጠቃሚ ግርጌ የገጹ መጨረሻ ሳይሆን በቀጥታ የሚደረስበት ቦታ ነው። ስልክ ቁጥሩ በፎቶ ላይ ከታተመ ግን ፕሮግራሙ የሚያነበው ፊደል አያገኝም። ማየት ለምትችለው አስተባባሪም ለእሱም እንቅፋቱ አንድ ነው፤ መፍትሔውም አንድ ነው፤ ቁጥሩ በጽሑፍ ይሁን፣ ሲነካም ይደውል።

አንዳንድ አገሮች ጉዳዩን ለባለቤቱ ፈቃድ አልተዉትም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው የኤሌክትሮኒክ ንግድ መመሪያ በ5ኛ አንቀጹ አገልግሎት ሰጪው ስሙን፣ የሚገኝበትን አድራሻና ኢሜይሉን ጨምሮ ፈጥኖ የሚገኝበትን መንገድ በቀላሉ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በጀርመን ይህ መረጃ በቀላሉ የሚለይ፣ በቀጥታ የሚደረስበትና ዘወትር የሚገኝ መሆን አለበት፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 በሁለት ንክኪ ከተደረሰበት ይበቃል ብሎ ወስኗል። ደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ሕግ ሻጩ ሙሉ ስሙን፣ ሕጋዊ አቋሙን፣ አካላዊ አድራሻውንና ስልኩን በገጹ ላይ እንዲያኖር ትጠይቃለች። እኛም ዘንድ ሕጉ እየቀረበ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኢንተርኔት የሚደረገውን ውል ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶታል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ማን እንደሆነና መረጃውን ለምን እንደሚፈልገው እንዲያሳውቅ ይጠብቅበታል። ስለዚህ ግርጌው ላይ «ስልክዎን ይተዉልን» የሚል ሣጥን ያስቀመጠ ሎጅ ቁጥሩን ለምን እንደሚወስድ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ከጎኑ ሊያኖር ይገባዋል። ደንበኛው ቁጥሩን ለማን እንደሰጠ የማወቅ መብት አለው።

የት ነው ያላችሁት?

አሁን ወደ አድራሻው እንምጣ። የውጭ አገር ቴምፕሌት ለአድራሻ የሚተወው ቦታ የጎዳና ስም፣ የቤት ቁጥርና የፖስታ ኮድ ታስቦ የተሠራ ነው። አዳማ ውስጥ እንግዳ በቤት ቁጥር አይመጣም፤ በምልክት ነው የሚመጣው። ምልክት ግን መመረጥ አለበት። «ባቡር ጣቢያው አጠገብ» የሚል ግርጌ እንግዳን ሊያሳስት ይችላል፤ በከተማው መሃል ያለው የጥንቱ የምድር ባቡር ጣቢያ አንድ ነገር ነው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ሌላ ነገር ነው። የባጃጅ ሹፌሩ እንኳ «የትኛው?» ብሎ ይጠይቃል። የማይለወጥና ሁሉ የሚያውቀው ምልክት ይሻላል። «ከአባ ገዳ አዳራሽ 300 ሜትር ገባ ብሎ፣ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ፣ ባለ ሰማያዊ በር» የሚል መስመር ክፍለ ከተማውንና ቀበሌውን ከደረደረ መስመር በላይ ሰው ያደርሳል። ክፍለ ከተማው ለደብዳቤና ለሕግ ጉዳይ ይጻፍ፤ ምልክቱ ለእግረኛ፣ ካርታ የሚከፍተው ሊንክ ደግሞ ለሹፌር። ካርታው ራሱ ግርጌው ውስጥ እንዲከፈት ማድረግ ግን የእንግዳውን ዳታ ይበላል፤ ሲነካ በስልኩ የካርታ መተግበሪያ የሚከፈት ሊንክ ይበቃል።

የከተሞቹ ስምም ድርብ ነው። ሰነዱ አዳማ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቱ ቢልም ናዝሬት፣ ደብረ ዘይት፣ ዝዋይ ብሎ የሚፈልግ ሰው ዛሬም ሞልቷል፤ በተለይ ከአገር ከወጣ ብዙ ዓመት የሆነው ወገን የሚያውቀው የቀድሞውን ስም ነው። የኢንተርኔት መፈለጊያ ሰው የጻፈውን ቃል ገጹ ላይ ሲያገኝ ይረዳዋልና «አዳማ (ናዝሬት)» ብሎ በግርጌው አንድ ጊዜ መጻፍ ሁለቱንም እንግዳ ይቀበላል። ይህ የፖለቲካ አቋም አይደለም፤ የአድራሻ ጉዳይ ነው።

ስልኩም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የመደበኛ ስልክ የአካባቢ ቁጥር ራሱ አድራሻ ነው፤ አዳማ 022፣ ቢሾፍቱ እንደ አዲስ አበባ 011፣ ባቱና ሻሸመኔ 046 ናቸው። ከውጭ የሚደውል ሰው ግን ዜሮውን መተው አለበት። ግርጌ ላይ «+251 022» ብሎ የተጻፈ ቁጥር ከዋሽንግተንም ከዱባይም አይሠራም፤ ትክክሉ «+251 22» ነው። አንዲት ዜሮ የዳያስፖራ ደንበኛን ትመልሳለች። ሌላው ስሕተት የአንድ ሠራተኛ የግል ሞባይል ብቻ መጻፍ ነው፤ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል፣ ግርጌው ግን እርሱኑ ማስተዋወቁን ይቀጥላል። ቁጥሩ የድርጅቱ መሆን አለበት፤ ማን እንደሚያነሳውም ቢጻፍ ይመረጣል፤ «አዳራሽ ለመያዝ»፣ «ለክፍል»፣ «ለቅሬታ»። የመጨረሻዋን የሚያስቀምጥ ድርጅት ጥቂት ነው፤ የሚያስቀምጠው ግን ይታመናል።

ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ዘመን፣ ሁለት ፊደል

የሥራ ሰዓት መስመር ከሌላው ዓለም ይልቅ እዚህ ያሳስታል። «8:00–2:00» የሚል ግርጌ ለአንዱ ከጠዋት እስከ ቀትር በኋላ ነው፣ ለሌላው ከቀትር በኋላ ጀምሮ እስከ ምሽት ነው። የክፍል መልቀቂያ «6:00» ሲባል አገሬው እኩለ ቀን መሆኑን ያውቃል፤ ከናይሮቢ የመጣ እንግዳ ግን ሊነጋጋ ሲል ሻንጣውን ሊሸክም ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የአማርኛውና የአፋን ኦሮሞው ገጽ በአገሬው አቆጣጠር፣ የእንግሊዝኛው በውጭው ይጻፍ፤ በሁሉም ላይ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይቁም። «ከጠዋቱ 2:00 እስከ ምሽቱ 12:00» ያለ ግርጌ ማንንም አያሳስትም። የቅዳሜና የእሑድ፣ የበዓላትም ሁኔታ በአንድ መስመር ይታከልበት። በመስከረም መጨረሻ ቢሾፍቱ ላይ በሆራ አርሰዲ ኢሬቻ ሲከበር የከተማው ሎጆችና ምግብ ቤቶች ሰዓታቸውም መንገዳቸውም ይለወጣል፤ በዚያ ሰሞን ከሁሉ በላይ የሚፈለገው መስመር ይኸው ነው።

ዘመኑስ? «2017» ብሎ የጻፈ ግርጌ ሁለት ተቃራኒ ነገር ሊል ይችላል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ገጹን እስከ እ.ኤ.አ. 2024 ወይም 2025 ድረስ ሰው ሲነካው ነበር ማለት ነው፤ በውጭው ከሆነ ከዚያ ሰባትና ስምንት ዓመት በፊት ተትቷል ማለት ነው። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የምትል ጭማሪ ጥርጣሬውን ትገላግላለች። የቅጂ መብት ምልክቱ ራሱ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የሕግ ግዴታ አይደለም። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለወጥ ሥራ ያለ ምንም ፎርማሊቲ ጥበቃ ይሰጣል፤ በአሜሪካም ምልክቱ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 1989 ወዲህ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። ታዲያ ዓመቱ ለጎብኚ ያለው ጥቅም ገጹ በሕይወት መኖሩን ማሳየት ብቻ ነው። ኮዱ በራሱ በየዓመቱ ቁጥሩን እንዲቀይር ማድረግ የተለመደ ነው፤ ይህ ግን ቤቱ ተዘግቶ መብራቱን ማብራት ነው። «ዋጋና ስልክ የተረጋገጠው በታኅሣሥ ነው» የሚል እውነተኛ መስመር ይበልጣል።

ሁለቱ ፊደላት የየራሳቸው ፈተና አላቸው። አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ አማርኛ በፊደል ይጻፋል፤ የኦሮሚያ ከተማ ድርጅት ደንበኞች ሁለቱንም፣ በርካቶቹም እንግሊዝኛን ያነባሉ። የቋንቋ መምረጫ ላይኛው ሜኑ ላይ ቢኖርም ግርጌ ላይ መደገም አለበት፤ ያልገባውን ቋንቋ ገጽ ገፍቶ ታች የደረሰ ሰው መውጫ የሚያገኘው እዚያ ነው። እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ፊደል ይጻፍ፤ ባንዲራ ግን አይሁን። ባንዲራ አገርን እንጂ ቋንቋን አይለይም፤ የኢትዮጵያ ባንዲራ ተነክቶ የሚከፈተው አማርኛው ነው ወይስ አፋን ኦሮሞው? ግርጌውን ብቻ በእንግሊዝኛ ትቶ ሌላውን በአማርኛ ማድረግም የተለመደ ስንፍና ነው፤ ደንበኛው ቅሬታ የሚያቀርብበትን መስመር በማያነበው ቋንቋ መጻፍ ቅሬታው አይምጣብኝ ከማለት አይለይም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የኮምፒውተር ፊደላት ዓለም አቀፍ መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ጽሑፉን በምስል ለመለጠፍ ዛሬ ምንም ምክንያት የለም።

መጠኑና ቀለሙም የንባብ ጉዳይ ነው። ግርጌ ብዙ ጊዜ ከገጹ ሁሉ ትንሹ ፊደል የሚውልበት ቦታ ነው። በላቲን ፊደል ትንሽነት የሚያስቸግረው ዓይንን ብቻ ነው፤ በእኛ ፊደል ግን ትርጉሙንም ያጠፋል። «ሉ»ና «ሊ»ን፣ «ኩ»ና «ኪ»ን የምትለየው አንዲት አጭር ጭረት ናት፤ ፊደሉ ሲያንስ የምትጠፋው እሷ ናት። ቀለሙን በተመለከተ ዓለም አቀፉ መለኪያ በተራ ጽሑፍና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል። ኮዱ 777777 የሆነው ግራጫ በነጭ ላይ ሲጻፍ 4.48 ለ1 ነው፤ ለጥቂት ወድቋል ማለት ነው፤ በየግርጌው የምናየው ግራጫ ግን ከዚህም የፈዘዘ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ በትልቅ ኮምፒውተር ላየው ሠሪ ያምራል፤ ቀትር ላይ በአዳማ ፀሐይ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ስልኩን በእጁ ከልሎ የሚያየው ሰው ግን ጥቁር መስታወት ብቻ ነው የሚታየው። ሊንኮቹም ተጨናንቀው ከተደረደሩ ጣት የፈለገችውን ትታ ጎረቤቱን ትነካለች፤ መለኪያው ለእያንዳንዱ የሚነካ ነገር ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ቦታ ይፈልጋል፣ አፕል ለራሱ ስልኮች 44 ነጥብ ይመክራል።

«ቴሌግራም አለን»

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባለ ድርጅቶቹ ይመጣል፤ ከመጀመሪያውም ይጠነክራል። «ደንበኞቻችን ያሉት ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ነው፤ ቪዲዮውን የሚያዩት ቲክቶክ ላይ ነው። ግርጌያችን ላይ ምልክቶቹን ካኖርን ሌላው ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ነው። የንግዱ እውነት በከፊል ይኸው ነው፤ ምልክቶቹም ይኑሩ። ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ምን እንደሚመጣ አይተናል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለአምስት ወራት ገደማ በአገሪቱ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ነበር። በእነዚያ ወራት ግርጌው ላይ ምልክት ብቻ የነበረው ድርጅት ቪፒኤን ለሌለው ደንበኛ አድራሻ አልነበረውም፤ ስልኩንና ቦታውን በጽሑፍ ያኖረ ግን ሥራውን ቀጠለ። በተጨማሪ የማኅበራዊ መገናኛው ገጽ የድርጅቱ ንብረት አይደለም፤ ይዘጋል፣ ይጠለፋል፣ በስሙም ሐሰተኛ ይከፈታል። ግርጌው ይህን የሚከላከል መሣሪያ ሊሆን ይችላል፤ «ትክክለኛው የቴሌግራም ቻናላችን ይህ ብቻ ነው፤ ክፍያ የምንቀበለው በድርጅቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ብቻ ነው» የምትል መስመር አጭበርባሪ የላከለትን ሊንክ የተጠራጠረ ሰው የሚያመሳክርባት ናት።

ከዚህ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ «ማንም አጭበርባሪ ግርጌ ገልብጦ መለጠፍ አይችልም ወይ?» ይችላል፤ ማኅተምም ይቀረጻል። ሆኖም ሊመረመር የሚችል ነገር መዋሸት ሊመረመር የማይችለውን ከመዋሸት ይከብዳል። «ጥራት መለያችን ነው» የሚለውን ማንም ሊያጣራው አይችልም፤ የንግድ ፈቃድ ቁጥርን፣ በ022 የሚጀምር መደበኛ ስልክን፣ ሄደው የሚያዩትን በር ግን ማጣራት ይቻላል። ከባቱ አካባቢ አበባ ወይም ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ለመግዛት ያሰበ የሩቅ ነጋዴ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት የሚፈልገው ይህን ነው። ስልክ በይፋ መጻፍ የማስታወቂያ ጥሪ ያበዛል የሚሉም አሉ፤ እውነት ነው። ያ ግን የንግድ ወጪ ነው፤ ሱቅ ከፍቶ በር መዝጋት አይቻልም።

ቦታው ለማን ነው?

ሦስተኛው ተቃውሞ ቦታን ይመለከታል። «ይህ ሁሉ ከተጻፈ ግርጌው ራሱ አንድ ገጽ ሊያህል ነው።» ስጋቱ ተገቢ ነው። በትልቅ ስክሪን በአራት ዓምድ ተደርድሮ ያማረ ግርጌ በስልክ ሲከፈት ዓምዶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተከምረው ጣት የሚያደክም ይሆናሉ፤ የእኛ አገር ጎብኚ ደግሞ በአብዛኛው በስልክ የሚመጣ ነው። መልሱ ግን ስልኩን መተው ሳይሆን ሌላውን መቀነስ ነው። የላይኛውን ሜኑ እንዳለ ታች መድገም፣ በቀጥታ የሚጫን የፌስቡክ ሣጥን፣ የጎብኚ ቆጣሪ፣ የአየር ጠባይ ማሳያ፣ የሽልማት አርማ፣ ከባለቤቱ ስም ጎልቶ የተጻፈ የሠሪው ድርጅት ስም፤ እነዚህ ቢወጡ የሚናፍቃቸው የለም፣ የጎብኚውም ዳታ ይቆጠባል። የሚቀሩትም እንደ ድርጅቱ ይለያያሉ። ሆቴል ስልክና መንገድ ያስቀድማል። እንደ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ያለ ዩኒቨርሲቲ ግርጌ ላይ ተማሪና ወላጅ የሚሹት ሬጅስትራሩን፣ የትምህርት ዘመን ሰሌዳውንና የማስረጃ ማረጋገጫ መንገዱን ነው። ክሊኒክ ከሆነ የድንገተኛ ስልኩ ከሁሉ በላይ ይሁን። በሞጆ ደረቅ ወደብ ዙሪያ የሚሠራ ዕቃ አስተላላፊ ፈቃዱንና የሰነድ መቀበያ ኢሜይሉን ያስቀድም። መመሪያው አንድ ነው፤ ደንበኛ ደውሎ ደጋግሞ የሚጠይቀው ነገር ግርጌው ላይ መጻፍ አለበት። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ ስልክ የምታነሳውን ሠራተኛ መጠየቅ ይበቃል።

የገጹ አሠራርም ግርጌውን ሊደብቀው ይችላል። አንዳንድ ገጾች ወደ ታች በተገፉ ቁጥር አዲስ ዜና ወይም አዲስ ዕቃ ይጨምራሉ፤ ጎብኚው ግርጌውን በጨረፍታ ሲያየው ተመልሶ ይሸሸዋል። ማለቂያ በሌለው ገጽ ሥር የተጻፈ አድራሻ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። እንዲህ ላለ ገጽ «ተጨማሪ አሳይ» የሚል ቁልፍ ማድረግ፣ ወይም አድራሻውን በጎን ማኖር ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መሥራቱ ሳይሆን መጠበቁ ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2013 ከነበሩት የኢንተርኔት ገጾች 38 በመቶው ከ10 ዓመት በኋላ የሉም፤ ከመረመራቸው የመንግሥት ገጾች 21 በመቶው ቢያንስ አንድ የሞተ ሊንክ አለባቸው። ሀብታም አገር እንዲህ ከሆነ ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ጥቂት መስመር ያለው ግርጌ በቀላሉ ይጠበቃል፤ አርባ ሊንክ ያለው ግን ሳይታወቅ ይሞታል። የግርጌው ኃላፊ ገጹን የሠራው ባለሙያ አይደለም፤ እርሱ ሥራውን አስረክቦ ሄዷል። ኃላፊው የድርጅቱ ሰው መሆን አለበት፤ ስልክ ሲቀየር፣ ቢሮ ሲዛወር፣ ሰዓት ሲለወጥ ማስታወቂያ በሩ ላይ እንደሚለጥፈው ሁሉ ግርጌውንም የሚያስተካክል።

ስለዚህ ለአዳማና ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ባለ ድርጅቶች የሚቀርበው ጥያቄ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። ዛሬ ማታ የራሳችሁን ድረ ገጽ በስልካችሁ ክፈቱ፤ እስከ ታች ውረዱ፤ ያገኛችሁትን ቁጥር ነክታችሁ ደውሉ፤ እያንዳንዱን ምልክት ንኩ፤ አድራሻውን ከተማውን ለማያውቅ ሰው አንብቡለትና ይደርስ እንደሆነ ጠይቁት። ስልኩ ካልጠራ፣ ምልክቱ ካላደረሰ፣ ሰውየውም ካልገባው የፊት ገጹን ፎቶ ለመቀየር ያሰባችሁትን ገንዘብ መጀመሪያ እዚህ ላይ አውሉት።